የትሬይልብሌዘር ሞተር በኖቫ ኮፈን ስር፦ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ላይ ቱርቦ የመግጠም ሒሳብ

በ1972 ቼቭሮሌት ኖቫን በመደበኛ ሞተሩ የገዛ አሜሪካዊ በኮፈኑ ስር ያገኘው ስድስት ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩለት፣ 4.1 ሊትር የሚለካ፣ ከብረት የተሠራ ሞተር ነበር፤ ፋብሪካው ያወጣለት ኃይልም 110 የፈረስ ጉልበት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያው የቼቭሮሌት ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ ትሬይልብሌዘር ለተባለው መኪና ብሎ ያወጣው፣ በመጠኑ ከዚያኛው በመቶ ሲሲ እንኳ የማይበልጠው ባለ 4.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ሞተር፣ ያለ ምንም ቱርቦ (በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) 270 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። አሮጌ መኪና ገዝተው ሌላ ሞተር የሚገጥሙ ሰዎች ይህን ሞተር መፈለግ የጀመሩት በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። የኖቫው ኮፈን ሲጀመርም ለረጅም ስድስት ሲሊንደር የተዘጋጀ ቦታ አለው፤ አዲሱ እንግዳም የቀድሞው ባለቤት የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ለምን ይኸኛው ሞተር ተመረጠ የሚለውን ለመረዳት ግን የገበያውን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። ቱርቦ የሚሸከም ስድስት ሲሊንደር ሲነሳ ለብዙ ዓመታት የሚጠራው የቶዮታ 2ጄዜድ ነበር። 2,997 ሲሲ፣ የብረት ብሎክ፣ ክራንክሻፍቱን (የፒስተኖቹን ምልልስ ወደ ዙር የሚለውጠውን ዘንግ) የሚይዙ ሰባት ዋና ኩሽኔታዎች ያሉት ይህ ሞተር ስሙን በጥንካሬው ቢያገኝም፣ ቱርቦ ያለው ዓይነት የተገጠመለት የሱፕራ መኪና ምርት በ2002 ማብቃቱና ፈላጊው መብዛቱ ዋጋውን ከተራ ሰው እጅ አርቆታል። አውስትራሊያውያን የራሳቸው የሆነ ባራ የሚባል ሞተር አላቸው፤ በጂሎንግ ከተማ ለፎርድ ፋልከን ይሠራ የነበረው ይህ ባለ 4 ሊትር ሞተር ስሙን ያገኘው ባራሙንዲ ከሚባለው ዓሣ ሲሆን፣ ከ2002 ጀምሮ ከፋብሪካው ቱርቦ ተገጥሞለት በ240 ኪሎ ዋት ይሸጥ ነበር። ምርቱ ግን ፎርድ በአውስትራሊያ መኪና መሥራት ባቆመበት በ2016 ተቋርጧል፤ አሜሪካ ላለ ሰው ደግሞ ከባሕር ማዶ አስጭኖ ማምጣት ግድ ነው።

ሌላው አማራጭ አዲሶቹ ናቸው። ሲሊንደሮቹ በሁለት ረድፍ በቪ ቅርጽ የተደረደሩለት ቪ6 ለሃያ ዓመታት ያህል ገፍቶት የነበረው መስመራዊ ስድስት ባለፉት ዓመታት ተመልሷል፤ መርሰዲስ በ2017 ኤም256ን፣ ጃጓር ላንድሮቨር በ2019 ኢንጂኒየምን፣ ስቴላንቲስ በ2022 ሃሪኬንን አውጥተዋል። ቢኤምደብሊው መቼም ትቶት አያውቅም። የሃሪኬኑ ባለ 3 ሊትር ሞተር ከፋብሪካው በሁለት ቱርቦ 420፣ በከፍተኛው ዓይነቱ ደግሞ 510 ወይም ከዚያ በላይ የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ታዲያ ከእነዚህ አንዱን አንሥቶ አሮጌ መኪና ላይ መግጠም ለምን አይቀልም? የሚያስቸግረው ብረቱ አይደለም። የእነዚህ ሞተሮች ኮምፒውተር ከመኪናው ቁልፍ፣ ከካምቢዮው፣ ከፍሬኑና ከዳሽቦርዱ ጋር በማያቋርጥ መልእክት የተሳሰረና በምስጢር ቁልፍ የታሸገ በመሆኑ፣ ሞተሩን ከመኪናው ሲነጥሉት ማንነቱን የሚያረጋግጥለት አካል ያጣል። ይህ ጸሐፊ እንደሚያየው ከሆነ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የሚመቹት ሞተሮች በአንድ ጠባብ ዘመን ውስጥ የተሠሩት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር በአራት ቫልቭና ቫልቮቹን በሚከፍቱ ሁለት ዘንጎች (ካምሻፍት) በደንብ ለመተንፈስ የሚያስችል ዘመናዊነት ያገኙ፣ ነገር ግን ኮምፒውተራቸው ገና ሙሉ በሙሉ ያልተቆለፈ። ከ2002 እስከ 2009 የተሸጠው የትሬይልብሌዘሩ ሞተር በዚህ ዘመን መካከል ላይ ይወድቃል፤ በጂኤምሲ ኤንቮይ፣ በቡዊክ ሬይኒየር፣ በአይሱዙ አሴንደር፣ ሌላው ቀርቶ በሳብ 9-7ኤክስ ጭምር ስለተገጠመ የአሮጌ መኪና ማከማቻዎች እስከ ዛሬ አያጡትም።

የሞተሩ አሠራር ራሱ ትኩረት ይገባዋል። መጠኑ 4,157 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 93 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 102 ሚሊ ሜትር ነው። ብሎኩና ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ከአሉሚኒየም የተሠሩት በአሸዋ ውስጥ በተቀበረ የፎም ቅርጽ ላይ ቀልጦ የፈሰሰው አሉሚኒየም ፎሙን እያተነነ ቦታውን በሚይዝበት ዘዴ ሲሆን፣ ፒስተኖቹ የሚመላለሱት በብረት ሽፋን ውስጥ ነው። የመጭመቂያ ምጣኔው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 10 ለ1 ነበር፤ በ2006 በመጠኑ ከፍ ብሎ ኃይሉም ወደ 291 አደገ። የቫልቮች መክፈቻ ጊዜ የሚለዋወጠው በጭስ ማውጫው በኩል ባለው ካምሻፍት ብቻ ነው፤ ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

መስመራዊ ስድስት ለቱርቦ ይመቻል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምክንያት ንዝረት የሌለው መሆኑ ነው። እውነት ነው፤ ፒስተኖቹ በ120 ዲግሪ ልዩነት በሦስት ጥንድ ሆነው እየተመላለሱ አንዱ የሌላውን ግፊት ስለሚያጠፋ ተጨማሪ ሚዛን አስጠባቂ ዘንግ አያስፈልገውም። ለቱርቦ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የጭሱ አወጣጥ ቅደም ተከተል ነው። የማቃጠያ ተራው 1-5-3-6-2-4 ሲሆን፣ ከፊት ያሉትን ሦስት ሲሊንደሮች (1፣ 2፣ 3) በአንድ ቱቦ፣ ከኋላ ያሉትን ሦስት (4፣ 5፣ 6) በሌላ ቱቦ ሰብስቦ ወደ ቱርቦ የሚያስገባ ሰው ተራው አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ እየተቀያየረ መሆኑን ያስተውላል። በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ የሚመጣው የጭስ ምት ከቀዳሚው በ240 ዲግሪ የክራንክሻፍት ዙር ይለያል። አንዱ ሲሊንደር ጭሱን ሲተፋ የጎረቤቱ ቫልቭ ስለማይከፈት ምቱ ወደ ሌላ ሲሊንደር ሳይባክን በቀጥታ ተርባይኑን ይመታል፤ ሁለት መግቢያ ያለው ተርባይንም ቶሎ ይነሣል። ቪ6 ይህን ለማግኘት ጭሱን ከሁለት ወገን በቱቦ እየጠመዘዘ ማምጣት ወይም ሁለት ቱርቦ መግጠም አለበት፤ እዚህ ግን ስድስቱም መውጫዎች በአንድ ወገን ተደርድረው ይጠብቃሉ። በተጨማሪም በዚህ ሞተር ላይ ጭሱ የሚወጣው በቀኝ፣ ማለትም በተሳፋሪው በኩል በመሆኑ፣ ለብዙ ሰው ራስ ምታት የሆነው የመሪው ዘንግ ከቱርቦው ሙቀት ይርቃል።

አሁን ወደ አየሩ እንምጣ። ባለ 4.157 ሊትር ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር፣ በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ስለሚምግ፣ ወደ 12,500 ሊትር አየር ያህል በደቂቃ ይውጣል፤ በክብደት ሲሰላ በሰከንድ 0.24 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ከዚህ በላይ ኃይል ለማግኘት ወይ በፍጥነት ማዞር፣ ወይም በእያንዳንዱ ምገት የሚገባውን አየር ማጥበቅ ያስፈልጋል። ቱርቦው ከውጭው አየር በላይ 0.7 ባር ግፊት ቢጨምር በመግቢያው ውስጥ ያለው ፍጹም ግፊት 1.7 ባር ይሆናል፤ ብዙ ሰውም ወዲያው 270ን በ1.7 አባዝቶ 459 የሚል መልስ ያወጣል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የገባ አየር፣ ሰባ ሁለት በመቶ ብቃት ባለው ኮምፕሬሰር (አየሩን በሚጨምቀው የቱርቦው ክፍል) ወደ 1.7 ባር ሲጨመቅ ወደ 93 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ የሞቀ አየር ደግሞ የሳሳ አየር ስለሆነ እውነተኛው የክብደት ጭማሪ 1.38 እጥፍ ብቻ ይሆናል። የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ገብቶ ከጭማሪው ሙቀት ሦስት አራተኛውን ቢያነሣ አየሩ ወደ 42 ዲግሪ ይወርዳል፤ በመንገድ ላይ የሚጠፋውን ትንሽ ግፊት ቀንሰን ስናሰላ ጭማሪው 1.55 እጥፍ አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ተጨባጩ ተስፋ 420 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። በ0.7 ባር ከኢንተርኩለር ጋርና ያለ ኢንተርኩለር መካከል ያለው ልዩነት ወደ 45 የፈረስ ጉልበት ይጠጋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውን አደጋ ይወስናል።

ይህን ያህል አየር፣ ማለትም በሰከንድ 0.37 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ለማንቀሳቀስ ውድ ቱርቦ አያስፈልግም። በዘጠናዎቹ ዓመታት በዶጅ ፒክአፕ ውስጥ በኩሚንስ የናፍጣ ሞተር ላይ የተገጠመው የሆልሴት ኤችኤክስ35 በዚህ መጠን አካባቢ የሚሠራ፣ ሁለት መግቢያ ያለው ተርባይን የያዘ፣ ለከባድ ሥራ የተሠራ ነው፤ ከላይ ከተገለጸው የሦስት በሦስት አከፋፈል ጋርም ይስማማል። በዋጋ ረገድ እንደሚታየው በጠቅላላው ሥራ ውስጥ ከሚቀለው ወጪ አንዱ ቱርቦው ራሱ ነው።

ሒሳቡ ግን መኪናው በሚሄድበት ቦታ ይለወጣል፤ ይህ ነጥብ ለእኛ አንባቢዎች ከሌላው ሰው ይልቅ ይቀርባል። ለዲትሮይት ሜዳ የተሰላ ቱርቦ በብዙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያነት በምትታወቀው በኮሎራዶዋ ኦሮራ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ፣ የሚያገኘው የውጭ አየር ግፊት 0.83 ባር ያህል ብቻ ነው። ያንኑ 1.7 ባር ለመስጠት አየሩን ከሁለት እጥፍ በላይ መጭመቅ አለበት። ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ 2,355 ሜትር ቢወጣ ደግሞ የውጩ ግፊት ወደ 0.76 ባር ስለሚወርድ ምጣኔው 2.24 ይሆናል፤ ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው አየርም ከ120 ዲግሪ ያልፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በአዲስ አበባ ከኃይሉ አንድ አራተኛ ያህሉን ያጣል፤ ቱርቦ ያለው ይህን ኪሳራ ይመልሳል ቢባልም የሚመልሰው ራሱን አብዝቶ በማዞርና በማሞቅ ነው። በዲትሮይት በትክክል የሚበቃው ኤችኤክስ35 በእንጦጦ ዳገት ላይ ትንሽ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

ከፍታው በነዳጁ ላይም ወጥመድ አለው። በኮሎራዶ ማደያዎች ተራው ቤንዚን 85 ኦክታን ነው (ኦክታን ነዳጁ ያለ ሰዓቱ መንደድን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው)፤ በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል ግን 87 ነው። የቆየው ምክንያት ስስ አየር የሚምግ ቱርቦ አልባ ሞተር በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ዝቅ ያለ ኦክታን ይበቃዋል የሚል ነው። ቱርቦ ደግሞ ይህን የከፍታ ምሕረት ይሰርዘዋል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት በባሕር ወለል ላይ ያለውን ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ ይሆናልና። በ85 ኦክታን የተሞላ ቱርቦ ሞተር ያለ ሰዓቱ እየነደደ ያንኳኳል፤ ማንኳኳቱም ከኮፈኑ ስር ከመሰማቱ በፊት ፒስተኑ ላይ ፋሻዎቹ የሚቀመጡባቸውን ቀጫጭን ግድግዳዎች ሊሰብር ይችላል።

ማንኳኳት የዚህ ሥራ ዋና ጠላት በመሆኑ በጥቂቱ ልቆይበት። 10 ለ1 የመጭመቂያ ምጣኔ ቱርቦ ለሌለው ሞተር ልከኛ ሲሆን፣ ለቱርቦ ግን በሰፊው ሲታሰብ ከፍ ያለ ነው፤ ባራው በቱርቦ ዓይነቱ ከ9 በታች ነበር የወጣው። አዲሶቹ ሞተሮች ከፍ ባለ ምጣኔ ከቱርቦ ጋር የሚሠሩት ነዳጁን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ስለሚረጩና ነዳጁ ሲተን አየሩን ስለሚያቀዘቅዝ ነው። የትሬይልብሌዘሩ ሞተር ነዳጁን የሚረጨው በመግቢያው በር ላይ ስለሆነ ይህ ዕድል የለውም። ለማካካስ የሚሄድበት አንዱ መንገድ ኢ85 ነው። አብዛኛው ኤታኖል የሆነው ይህ ነዳጅ ሲተን ከቤንዚን ይበልጥ ሙቀት ስለሚወስድና ማንኳኳትን ስለሚቋቋም፣ በተለይ በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ በቀላሉ ስለሚገኝ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና የተፈጠረ ይመስላል። ዕዳው በመጠኑ ነው፤ ለ420 የፈረስ ጉልበት በቤንዚን እያንዳንዱ ኢንጀክተር በደቂቃ 480 ሲሲ ገደማ መርጨት ሲጠበቅበት፣ በኢ85 ከ30 እስከ 40 በመቶ ይጨምራል፤ የነዳጅ ፖምፓውና ቱቦውም አብረው ያድጋሉ።

ቀደም ሲል የተጠቀሰው የጭስ ማውጫ ካምሻፍትም እዚህ ይገባል። መሐንዲሶቹ ይህን ካምሻፍት እንዲዘገይ አድርገው የሠሩት ጥቂት የነደደ ጭስ በሲሊንደሩ ውስጥ እንዲቀር በማድረግ ብክለትን ለመቀነስና ለዚያ ሥራ የሚያገለግለውን የተለየ ቫልቭ ለማስቀረት ነበር። ቱርቦ ሲገጠም ግን በተርባይኑ ፊት የሚከማቸው ግፊት ብዙ ጊዜ ከመግቢያው ግፊት ይበልጣል። በዚህ ሁኔታ የጭስ ቫልቩ ዘግይቶ ሲዘጋ፣ የመግቢያ ቫልቩም በተመሳሳይ ጊዜ ሲከፈት፣ ትኩስ ጭስ ወደ ሲሊንደሩና ወደ መግቢያው ይመለሳል፤ አዲሱን አየር ያሞቃል፤ ማንኳኳትን ይጠራል። ስለዚህ ግፊቱ ከፍ ባለበት ሰዓት ካምሻፍቱ እንዳይዘገይ በኮምፒውተሩ ላይ ማስተካከል ያስፈልጋል። በፋብሪካው ሰንጠረዥ እንደተተወ ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር ራሱ ባልፈለገው መንገድ ራሱን ያሞቃል።

ስለ ጥንካሬው ሲጠየቅ ደግሞ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ቢኤላዎቹን (ፒስተኖቹን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኙትን ክንዶች) የሚጨንቃቸው ከግፊት ይልቅ ፍጥነት ነው። ምልልሱ 102 ሚሊ ሜትር በመሆኑ በ6,000 ዙር የፒስተኑ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 20.4 ሜትር ነው፤ በ7,000 ወደ 23.8 ይደርሳል፤ ቢኤላውን የሚጎትተው ኃይል ግን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ በ36 በመቶ ይጨምራል። ቱርቦ የሚጨምረው ጫና ወደ ታች የሚገፋ ሲሆን ብረት መገፋትን ከመጎተት ይልቅ ይችላል። ረጅም ምልልስ ባለው በዚህ ሞተር ላይ ከ6,000 በታች ቆይቶ አየሩን ማጥበቅ ከማስሮጥ ይልቅ የሚመከረው ለዚህ ነው። አሮጌ መኪና ውስጥም የሚፈለገው ከታች የሚነሣ ጉልበት ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ በወረቀት ላይ ያምራል። ብዙው ፕሮጀክት በጋራዥ ጥግ ሸራ ለብሶ የሚቀረው ግን መካኒኮቻችን ኮፓ በሚሉት በዘይቱ ገንዳ ምክንያት ነው። የትሬይልብሌዘሩ መሐንዲሶች የፊት ጎማዎችን የሚያዞረውን ዘንግ በሞተሩ ስር ከማሳለፍና ሞተሩን ከፍ ከማድረግ ይልቅ በኮፓው ውስጥ አሾልከውታል። ለዚህም ከአሉሚኒየም የተቀረጸ፣ ጥልቅ፣ ወፍራም፣ በውስጡ ዋሻ ያለው፣ ከካምቢዮው ጋርም በቡሎን ታስሮ ሁለቱን የሚያጠነክር ኮፓ ሠርተዋል። ለባለ አራት ጎማ ጉተታ መኪና ብልህ መፍትሔ ነው፤ ለኖቫ ግን መሰናክል ነው። የኖቫው የፊት ተሸካሚ ብረት በሞተሩ ፊተኛ ክፍል ስር አግድም ያልፋል፤ የመሪው ማገናኛ ዘንጎችም ከዚያ ብረት ኋላ ይንቀሳቀሳሉ። ኮፓው እንዳለ ከገባ ሞተሩ ወደ ላይ ይቀመጣል፤ ሁለት ካምሻፍት ያለውና ምልልሱ ረጅም የሆነው ሞተር ሲፈጠርም ረጅም ስለሆነ ኮፈኑ አይዘጋም።

መፍትሔው ኮፓውን ቆርጦ ዳግም መበየድ ወይም ከአሉሚኒየም ቆርቆሮ አዲስ መሥራት ነው። መበየዱ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ለዓመታት ዘይት የጠጣ ቅርጽ አሉሚኒየም ሲሞቅ ዘይቱን እየተፋ ብየዳውን ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል፤ ደጋግሞ ማጽዳትና ማሞቅ ያስፈልጋል። ቅርጹ ሲቀየር ደግሞ የዘይት መምጠጫው ቱቦ ቦታ አብሮ መቀየር አለበት። መኪናው በኃይል ሲነሣ ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መምጠጫው ያለው ከፊት ከሆነና መከላከያ ግድግዳ ካልተሠራለት ፖምፓው አየር ይስባል፤ ኩሽኔታዎቹም በሰከንዶች ውስጥ ይጎዳሉ። የኮፓውን ጥንካሬ የሚቀንስ ሰው ሞተሩና ካምቢዮው በምን እንደተያያዙ መልሶ ማሰብ ይኖርበታል። ቱርቦውም የራሱ ጥያቄ አለው፤ ዘይቱ በግፊት ይገባል፣ የሚወጣው ግን በራሱ ክብደት ወርዶ ነው። ስለዚህ መመለሻ ቱቦው ሰፊ፣ ወደ ታች ያዘነበለ፣ በኮፓው ላይም ከዘይቱ ከፍታ በላይ የሚገባ መሆን አለበት። ቱርቦውን ለውበት ብሎ ወደ ታች ያወረደ ሰው ዘይቱ መውጫ አጥቶ በተርባይኑ በኩል ሲፈስስና ማርሚታው ሲጨስ ያየዋል፤ ከዚያም ጥፋቱን ቱርቦው ላይ ይለጥፋል።

ሁለተኛው እንቅፋት ቁጥጥር ነው። የነዳጅ መስጫው በገመድ ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ ፔዳሉም ከትሬይልብሌዘሩ መምጣት አለበት። የፋብሪካው የግፊት መለኪያ የተሠራው ከውጭው አየር በላይ ለማይሄድ ሞተር ስለሆነ፣ ቱርቦው መጫን እንደጀመረ ንባቡ ጣራ ይነካል፤ ኮምፒውተሩም ምን ያህል አየር እንደገባ ሳያውቅ ነዳጅ ይመድባል። እስከ 2 ወይም 3 ባር የሚያነብ መለኪያና ያን የሚረዳ ፕሮግራም ግድ ይላል። የፋብሪካውን ኮምፒውተር ማስተካከል ወይም ከገበያ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር መግዛት የሚለው ክርክር ረጅም ነው፤ እኔ የሚታየኝ ግን ካምሻፍቱንና የኤሌክትሪክ ነዳጅ መስጫውን አብሮ መምራት የማይችል ርካሽ ኮምፒውተር ይህን ሞተር ወደ 1972 ይመልሰዋል።

ካምቢዮውን በአጭሩ እንለፈው። ከሞተሩ ጋር የሚወጣው 4ኤል60-ኢ አውቶማቲክ ካምቢዮ ለ488 ኒውተን ሜትር ገደማ የተመደበ ነው። ሞተሩ ከፋብሪካው 373 ኒውተን ሜትር ያህል ሲሰጥ በ1.55 ሲባዛ ወደ 578 ይጠጋል። ከዚህ በኋላ ውስጡን ማጠናከር ወይም መለወጥ የጊዜ ጉዳይ ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ሁሉ የሚያቀርብ አንድ ዘመድ ሞተር አለ፤ በየገጠሩ መንገድ የምናየው የላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ናፍጣ። እሱም መስመራዊ ስድስት ነው፤ መጠኑ 4,164 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 94፣ ምልልሱ 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከትሬይልብሌዘሩ በሰባት ሲሲ ብቻ ይለያል። ከፋብሪካው ቱርቦ የለውም፤ 285 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ በደጋው ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ የሚያቃስተው የአየር እጥረት ስላለበት ነው። ቶዮታ ራሱ ተመሳሳይ መጠን ባለው 1ኤችዲ-ቲ ላይ ቱርቦ ሲገጥም ግን ነዳጁን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ እንዲረጭ አድርጎ የመጭመቂያ ምጣኔውን ከ22 በላይ ከነበረበት ወደ 18.6 አውርዶታል። በ1ኤችዜዱ ላይ ሌላ ምንም ሳይነካ ቱርቦ ብቻ የሚያስገጥም ሰው ቅድመ ማቃጠያ ክፍል ባለው ቴስታታ ላይ ያን ሁሉ ሙቀት እየጫነ መሆኑን ማወቅ አለበት። ቢያንስ የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያ ሳይገጥሙ ከነዳጅ ፖምፓው የሚወጣውን ነዳጅ ማብዛት ቴስታታን ለመሰንጠቅ ይዳርጋል። በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ሞተር ዕድሜው ሊረዝም እንደሚችል ሲታሰብ፣ የዚህ ዓይነቱ ዕውቀት ፈላጊ ይበዛል ብዬ እገምታለሁ።

በአሜሪካ ለሚሠራው ደግሞ ሕጉ የመኪናውን ዕድሜ ይመርጥለታል። በካሊፎርኒያ እስከ 1975 ሞዴል ያሉ መኪኖች ከመደበኛው የጭስ ምርመራ ነፃ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ያለ መኪና ሞተር ከተለወጠለት የሚገባው ሞተር የመኪናውን ያህል ወይም ከዚያ አዲስ ሆኖ የራሱን የብክለት መከላከያ በሙሉ ይዞ በልዩ መርማሪ ፊት መቅረብ አለበት፤ በግዛቱ ያልጸደቀ ቱርቦም አያሳልፈውም። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ከ2020 ጀምሮ የብክለት መከላከያን የሚያሰናክሉ ዕቃዎችን ከቁጥጥር ቅድሚያዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። የ1972 ኖቫ የተመረጠው እንግዲህ ለኮፈኑ ርዝመት ብቻ አይደለም።

ሥራው የሚጀመርበት ቅደም ተከተል ከዚህ ሁሉ ይወጣል። ሞተሩ መጀመሪያ ያለ ቱርቦ ይገባል፤ ኮፓው፣ የዘይት ግፊቱ፣ የሽቦው መስመርና ማቀዝቀዣው በዚያ ሁኔታ ለጥቂት ሳምንታት መንገድ ላይ ይፈተናሉ፤ 270 የፈረስ ጉልበትም ለኖቫ ከበፊቱ ከእጥፍ በላይ ነው። ከዚያ ቱርቦው ትርፍ ጭስ እያሳለፈ ግፊቱን በሚገድበው ቫልቭ (በዌስትጌቱ) ስፕሪንግ ብቻ፣ በ0.4 ባር አካባቢ ይነሣል። ካንዴላዎቹ ተፈተው ይታያሉ፤ ኮምፒውተሩ በየሰከንዱ የሚመዘግበው የአየር ሙቀት፣ የነዳጅ ምጣኔና የማንኳኳት ምልክትም ይነበባል። ምልክቱ ንጹሕ ሆኖ የአየሩ ሙቀት በረጅም ዳገት ላይ ከ50 ዲግሪ ካላለፈ ወደ 0.7 ባር ይኬዳል፤ ካለፈ ግን ኢንተርኩለሩ ይለወጣል እንጂ ግፊቱ አይነካም።